ቅቤ የተቀባች መኪና

መኪና በቀትር ፀሐይ የሚያጥብ ሰው ሳይ አፌን መያዝ አልችልም። ባለፈው ሚያዝያ ለዘመድ ሠርግ ደብረ ታቦር ሄጄ ሳለ፣ ከገበያው በታች አንድ ጎልማሳ ሚኒባሱን በስድስት ሰዓት አቁሞ አረፋ በአረፋ ሲያደርገው አየሁ።

«ወንድሜ፣ ወደ ጥላ ውሰደው። አለዚያ ካርታ ይሥልብሃል» አልኩት።

ቀና ብሎ ከነጠላዬ እስከ ጫማዬ ገረመመኝና «እናቴ፣ አንቱ መኪና አጥበው ያውቃሉ?» አለኝ፤ ሣቁን እንደ መዋጥ እያደረገ።

ልመልስለት አፌን ስከፍት እግሩ ሥር ከተከፈተችው የመኪና ሰም ቆርቆሮ ሽታው መጣብኝ። ፀሐይ ያሞቀው ሰም፣ ከነጭ ጋዝ ጋር የተቀላቀለ። ነጠላዬን አስተካክዬ አለፍኩ። መልሱ በመንገድ ላይ የሚያልቅ አልነበረም።

አዎ፣ አጥቤ አውቃለሁ። አንዲት መኪና አጥቤያለሁ፤ አራት ቀን ፈጀብኝ።

ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። አባቴ ታረቀኝ ለገበሬ ዘር የሚያድል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር፤ የምንኖረውም እዚያው ግቢ ጥግ ላይ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። መሥሪያ ቤቱ ያለው መኪና አንድ ብቻ፣ ሾፌሩም አባቴ ብቻ። መኪናዋ እንደ ዳማ ፈረስ ቀይ ቡናማ ነበረችና አባቴ «ዳማ» ብሎ ስም አውጥቶላታል። ጠዋት ሲያስነሳት «በይ እንግዲህ ዳማ» ይላታል፤ አቀበት ላይ ደግሞ ያባብላታል። ቆማ ስትውል እኔ ጋቢና ገብቼ መሪዋን እያዞርኩ፣ ማርሿን በሁለት እጄ እየጎተትኩ በሐሳቤ ባሕር ዳር ደርሼ እመለሳለሁ። ስንት ጊዜ ተቆጥቶኛል! ከተቆጣኝ በኋላ ደግሞ ማርሹ የት የት እንደሚገባ ያሳየኛል። ቁጣውን ያን ያህል የማልፈራው ለዚህ ነው።

ደብረ ታቦር ብርድ አገር ነው የሚል ሰው የዚያን ዓመት መጋቢት አላየም። ጉና ተራራ ላይ እንኳ የደመና ዘር አልነበረም። ቀትር ሲሆን የቤታችን ቆርቆሮ ቋ፣ ቋ እያለ ይጮሃል፤ ዶሮዎቹ አፋቸውን ከፍተው ግድግዳ ጥግ ይደረደራሉ። የቦኖው ውሃ ከተቋረጠ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ወሩ ሁዳዴ ነው። እናቴ ወንድሜን እርጉዝ ነበረች፤ እንዳትጾም ቢለምኗትም እሺ አላለችም። ከቅዳሴ ስትመለስ ፊቷ በላብ ርሶ ደፉ ላይ ቁጭ ትልና «ዘንድሮስ ፀሐይዋ ወርዳ ከኛ ጋር ልትኖር ነው» ትላለች።

ሰኞ ዕለት አባቴ ሐሙሲት ዘር አድርሶ ሲመለስ አለም በር አቀበት ላይ የዳማ ውሃ ፈላ። የራዲያተሩ ክዳን ሳይበርድ እንደማይከፈት ለስንቱ ሰው ያስተማረ እሱ ራሱ ነው። ግን መንገድ ላይ ያሳፈራቸው የሁለት እናቶች ሕፃናት በሙቀቱ ያለቅሱ ነበርና ቸኮለ። የፈላው ውሃ ወጥቶ ሁለቱንም መዳፎቹን ገሸለጠው። ዳማን ቤት ድረስ ያመጣት አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። አባቴ ከጎኑ ተቀምጦ፣ ሁለት እጆቹ በነጭ ፋሻ ተጠቅልለው ጭኑ ላይ ሁለት አራስ ሕፃናት የታቀፈ መስሎ ገባ።

በማግስቱ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። ገና አዲስ ሹም ስለነበረ ግን የበላዮቹን አብዝቶ ይፈራል። በራችን ላይ ቆሞ ዳማን በአገጩ አመለከታት። እውነት ለመናገር ታሳዝን ነበር፤ ወንዝ ስትሻገር የያዛት ጭቃ እስከ መስኮቷ ደርቆባታል፣ የወፍ ኩስና የገብስ ገለባ ጣሪያዋን አልብሷታል።

«ጓድ ታረቀኝ፣ ቅዳሜ ከጎንደር ተቆጣጣሪ ይመጣል» አለው። «የተጎሳቆለ መኪና ካገኙ ወደ ጎንደር ይወስዳሉ። ፊቱን የሚያይባት ካላደረግካት መወሰድ ነው። መኪና ከሌለ ደግሞ ሾፌር ምን ይሠራል? በር ላይ ቆመህ ዘበኛ መሆንህ ነው።»

«ፊቱን ያይባታል» አለ አባቴ። ኃላፊው ከሄደ በኋላ ግን እጆቹን ሲመለከት ቆየ።

እኔ ከበሩ ጀርባ ሆኜ እየሰማሁ ነበር፤ ከሰማሁት ሁሉ ግን ጆሮዬ ላይ የቀረው «ወደ ጎንደር ይወስዳሉ» የሚለው ነው። አንደኛ ክፍል ሳለሁ አስተማሪያችንን አንድ ጠዋት በመኪና ወሰዱት። ወዴት ብለን ስንጠይቅ ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወደ ጎንደር ተወሰደ» አሉን። ኮቱ መስቀያው ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ፤ ሰውዬው አልተመለሰም። ስለዚህ ለኔ ጎንደር ከተማ አልነበረም፤ ሰው ገብቶ የማይወጣበት ቦታ ነበር። ዘበኛ የሚለውን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ቅዳሜ ተቆጣጣሪው ፊቱን ዳማ ላይ ካላየ አባቴን ይወስደዋል፤ ካየ ይተወዋል። ነገሩ በጣም ግልጽ ነበር። ስለ ፊቱም የተነገረውን እንደ ሕግ ነው የያዝኩት፤ ዓይኑም፣ አፍንጫውም፣ አፉም መታየት አለበት ብዬ።

«አባዬ፣ እኔ አጥባታለሁ» አልኩት።

«አንቺ?»

«እጅ አለኝ።»

ፋሻውን አየ፤ ከዚያ የኔን እጆች አየ። «አለሽ» አለ።

ረቡዕ ከጠዋት ፈረቃ እንደ ተለቀቅኩ ደብተሬን ወርውሬ ወደ ጋፋት መውረጃ ካለው ምንጭ ውሃ ማመላለስ ጀመርኩ። በጀሪካን አራት ምልልስ። ሳሙና ቀበሌ ሱቅ ከጠፋ ቆይቷል፤ እናቴ ነጭ ልብስ የምታጥብበትን እንዶድ ወቅጣ ሰጠችኝ። አባቴ ፋሻ ሊያስቀይር ጤና ጣቢያ ከመሄዱ በፊት ዛፍ ሥር ተቀምጦ አስጠናኝ።

«ልክ እንደ ፈረስ ነው። ከጆሮዋ ጀምረሽ ወደ ኮቴዋ። ከታች ከጀመርሽ ያጠብሽውን መልሰሽ ታቆሽሺዋለሽ። ደግሞ ፀሐይዋ ሳታዘቀዝቅ እንዳትነኪያት። ሰማሽ?»

«ሰማሁ» አልኩ። መስማቱንስ ሰምቼ ነበር። ግን እሱ ከአጥሩ እንደ ታጠፈ፣ ቅዳሜ ከዛፉ ጀርባ ቆማ የምትጠብቀኝ መሰለኝና ባልዲዬን አነሣሁ።

የሞተሯ ክዳን፣ ኮፈን የሚሉት፣ እንደ ምጣድ ይፋጃል። ውሃ ስረጭበት ጭስ አወጣ። እንዶዱ ግን አረፋው ልዩ ነበር፤ ጣሪያዋን፣ በሮቿን፣ ፊቷን ሁሉ ነጭ አለበስኳትና አጠገቧ ቆሜ በሥራዬ ኮራሁ። ኩራቴን ሳልጨርስ አረፋው ደረቀ። ውሃ ላመጣ እስክዞር ድረስ ቀኝ ጎኗ በሙሉ ነጭ በነጭ ሆኖ፣ ከወሰኑና ከሐይቆቹ ጋር የክፍላችን ግድግዳ ላይ ያለውን ካርታ መስሎ ተሣለባት። ብፈትገው አይለቅም።

አባቴ ተመልሶ ሲመጣ ካርታው ፊት ለፊት ቆመና ብዙ አየው።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት፣ እያለቀስኩ።

«ነግሬሽ ነበር።»

ነግሮኝ ነበር። አልተቆጣም። ዛፉ ሥር ሄዶ ተቀመጠና ጥላው ከግድግዳው እስከ ዳማ እስኪደርስ አስጠበቀኝ። ከዚያ እንደ አዲስ ጀመርን፤ እሱ በአፉ፣ እኔ በእጄ። «ትንሽ ትንሽ ቦታ ነው የምትይዢው። ያጠብሽውን ሳታለቀልቂ ወደ ሌላ አትሂጂ።» ፀሐይ ስትጠልቅ ዳማ ንጹሕ ሆነች። አንድም ጭቃ፣ አንድም ኩስ የለባትም።

አጎንብሼ በሯ ላይ ፊቴን ፈለግኩ። የለም። ቀለሟ ብርሃን የሚባል ነገር አልነበረውም።

«ቆዳዋ ደርቋል» አለ አባቴ። «ይህን ሁሉ ዓመት ፀሐይ በልቷታል።»

ይህን አንድ ነገር ባይናገር ኖሮ የሐሙሱ ጉድ ባልመጣ ነበር። ሌሊቱን ስለ ደረቀ ቆዳ ሳስብ አደርኩ። ፀሐይ የጠጉሯን ሥር ያደረቀባት ሴት ምን ታደርጋለች? እናቴ ለራሷ፣ ለኔም፣ የምታደርገውን አውቃለሁ። ቅቤ ትቀባለች። ቅቤ የተቀባ ጠጉር ደግሞ ያብረቀርቃል።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ቅዳሴ ሄዳለች። በሁዳዴ ቅዳሴ የሚወጣው በዘጠኝ ሰዓት ነው። አባቴ ቁስሉ ሲጠዘጥዘው አድሮ እንቅልፍ ወስዶታል። ለፋሲካ የተቀመጠው ቅቤ በትልቅ ቅል ሆኖ ከምሰሶው ተንጠልጥሏል። ጾም ስለሆነ ማንም የማይነካውን ነገር እኔ ብነካው ምን ይጎድላል ብዬ በርጩማ ላይ ወጣሁ።

በቀትር ነው፤ እንግዲህ አስቡት። ቅቤው ከእጄ ሳይወርድ ይቀልጣል። ኮፈኗን ቀባሁ፣ በሮቿን ቀባሁ፣ ፊት ለፊት ያለውን የግጭት መከላከያ ብረት እንኳ አልተውኩም። ዳማም አበራች! እላችኋለሁ፣ እንደ ሙሽራ አበራች። አጎንብሼ አየሁ፤ ዓይን፣ አፍንጫ፣ አፍ፣ ሁሉም አለ። በደስታ ግቢውን ሁለቴ ዞርኩት። «አባዬ ቀረልኝ፣ አባዬ ቀረልኝ» እያልኩ።

ከዚያ ነፋሱ መጣ። በዚያ ወር ቀትር ላይ ከገበያው ሜዳ የሚነሣ አውሎ ነበር፤ አቧራውን ተሸክሞ አጥራችንን ዘለለና ዳማ ላይ አራገፈው። አቧራውም መሄጃ አላሻውም፤ እዚያው ተለጠፈ። ቀጥሎ ዝንቦች መጡ። ከዝንቦቹ በኋላ ሦስት የሠፈር ውሾች፣ ከየት እንደ ሸተታቸው እንጃ፣ ገብተው የፊት ብረቷን በተራ በተራ ይልሱ ጀመር። አንዱን ስመታ ሁለቱ ይልሳሉ።

እናቴ የደረሰችው በዚህ መሐል ነው። ነጠላዋን እንዳጣፋች በሩ ላይ ቆመች። ዳማን አየች፣ ውሾቹን አየች፣ እስከ ክርኔ የወዛውን እጄን አየች።

«በስመ አብ!» አለች። «ምን አድርገሽ ነው? ቅቤዬን ነው?»

እጄን ከጀርባዬ ደበቅኩ።

«ኧረ የኔ ጉድ! በሁዳዴ መኪናዋን አስገደፍሻት!»

አባቴ በጩኸቱ ነቅቶ ወጣ። አንድ ጊዜ ዳማን፣ አንድ ጊዜ ውሾቹን ተመለከተና ሣቅ ጀመረው። እጁን ካቃጠለው ወዲህ ስቆ አያውቅም። ሆዱን መያዝ ይፈልጋል፣ እጁ አይነካለትም፤ ግድግዳውን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እናቴ ልትቆጣው ዞረችና እሷም አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ብቻ አለቀስኩ። የማለቅሰው ለቅቤው መሰላቸውና «በቃ፣ በቃ፣ ሌላ ይገዛል» እያሉ አባበሉኝ። አባቴ ሁለት ቀን ብቻ እንደ ቀረው ለማን ልንገር?

እናቴ ውሃ አፈላች። አመድና እንዶድ በጥብጣ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ በዚያ ሆዷ የዳማን በሮች አንድ በአንድ ታጥብ ጀመር፤ እኔ ጣሪያዋ ላይ ወጣሁ። ቅቤውን ጨርሰን ያስለቀቅነው ጥላው ግቢውን ከሞላ በኋላ ነው። ዳማ ወደ ድሮዋ፣ ወደ ደረቀችው ተመለሰች።

«ቅቤ ሳይሆን ሰም ነበር የሚያስፈልጋት» አለ አባቴ። «የመኪና ሰም ደግሞ በዚህ አገር የት ይገኛል?»

እናቴ ወገቧን ይዛ ተነሣች። «አያ እንድሪስ ኮርቻውን የሚያበራው በምንድን ነው?» አለች።

አባቴና እኔ ተያየን።

አያ እንድሪስ ከገበያው ጥግ ካሉት የእስላም ቤቶች በአንዱ ኮርቻ የሚሰፉ ሽማግሌ ናቸው። ዓርብ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሄጄ ደጃቸው ላይ ተቀመጥኩ። ከጁምዓ ሲመለሱ አገኙኝ።

«የታረቀኝ ልጅ አይደለሽም? አባትሽ እጁን እንዴት አደረገው?»

«ደኅና ነው፣ አያ እንድሪስ። ለዳማ ሰም ፈልጌ ነው የመጣሁ።»

«አባትሽ ፈረስ ገዛ እንዴ?»

«ኧረ አይደለም። ዳማ መኪናችን ናት። ቀለሟ ደርቆብን ነው። ቅቤ ቀባኋት፣ እንዲያውም ባሰባት።»

ሣቁ ከሆዳቸው መጣ። ተቀምጠው ሳቁ፤ ሱቁ ውስጥ ያሉትም ሰምተው ሳቁ። ቅቤ የቀባሁትን ነገር እስከ ማታ ከተማው ሁሉ እንደሚሰማው ገባኝ፤ ግን እኔ ለማፈር ጊዜ አልነበረኝም።

«ስሚ» አሉኝ ሣቃቸው ሲበርድ። «ቅቤ አይደርቅም፤ ስለዚህ አቧራ ይይዛል። ሰም ግን ይደርቃል። ከደረቀ በኋላ ስትፈትጊው ነው ብርሃኑ የሚመጣ።» ከጋፋት ገበሬዎች የገዙትን የሰም ድብልብል ቆርሰው በቆርቆሮ ጣሳ ከተቱልኝ፤ ነጭ ጋዝ ጨመሩበት። «እሳት ዳር እንዳታደርሺው፤ ይነድብሻል። የቤታችሁ ጣሪያ ላይ አውጪው። ፀሐይዋ አቅልጣ ትሰጥሻለች። ትንሽ ነው የምትቀቢ፣ ብዙ ነው የምትፈትጊ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ እንድሪስ።»

«አሜን። ስታምር በኔ ደጅ አሳልፉልኝ። ሰሙን ልየው።»

ጣሳውን ቆርቆሮው ላይ አስቀምጬ ከታች ቆምኩ። ሰኞ አባቴን ያቃጠለች፣ ረቡዕ ካርታ የሣለችብኝ፣ ሐሙስ ቅቤዬን ያቀለጠች ፀሐይ ዓርብ ለኔ ሠራች። ብዙም ሳይቆይ ድብልብሉ ተፈትቶ እንደ ማር ወፈር ያለ ነገር ሆነ፤ ሽታው ግቢውን ሞላ። ማርም ኩራዝም ቤተ ክርስቲያንም የሚሸት ሽታ ነው። ከዚያ ወዲህ ያን ሽታ ሳገኝ ጉልበቴ ይጠነክራል።

ጥላው ዳማን እስኪሸፍናት ጠበቅኩ። በዚህ ጊዜ አባቴ ሊነግረኝ እንኳ አላስፈለገውም። የእናቴን አሮጌ ነጠላ ቀደን፣ ሰሙን ሳሳ አድርጌ ከጣሪያዋ ጀምሬ ቀባሁ። እሱ ደርቆ እስኪያድር ሌላ ሌላውን ሠራን። የጎማዋን ብረት በአመድና በገለባ ፈተግኩ። የመብራቶቿን መስታወት በሎሚ አሸሁ። አባቴ ጣቴ የማይገባበትን ስንጥቅ ሁሉ በዶሮ ላባ አስጠረገኝ። መስኮቱን በጋዜጣ ልወለውል ስጨመድድ እናቴ ከቤት እየሮጠች ወጣች።

«ቆይ! የትልልቆቹ ባለሥልጣኖች ፎቶ ያለበት ገጽ እንዳይሆን!»

ገለጥን። ነበረበት። ያን ገጽ እንደ ታቦት በሁለት እጇ ይዛ ወደ ቤት አስገባችው፤ እኔ የስፖርቱን ገጽ ወሰድኩ።

ቅዳሜ ገና ብርሃን ሲሰነጠቅ ተነሥቼ መፈተግ ጀመርኩ። በመጀመሪያ ምንም አልነበረም፤ ደብዛዛ ነጭ ብቻ። እጄ ዛለ። ሌላ ጨርቅ ቀየርኩ። ጉልበቴን ሁሉ አንድ በር ላይ ጣልኩት። ያኔ ከውስጧ ቀይ ነገር መጣ፤ ገና ስትገዛ የነበራት ዳማነቷ። ቀጥሎ የዛፉ ጥላ ታየኝ። ከዚያ ጥርሴ። እየሳቅኩ ነበር ለካ። አባቴ ከኋላዬ መጥቶ አጎነበሰና የሁለታችን ፊት ጎን ለጎን በሯ ላይ ቆመ። በክርኑ ራሴን ወደ ደረቱ አስጠጋኝ።

ተቆጣጣሪው በአራት ሰዓት ደረሰ። ካኪ የለበሰ፣ ጺሙን ያሳመረ፣ ደረት ኪሱ ላይ ማበጠሪያ የሰካ ሰው ነው። ኃላፊው ከኋላው ከኋላው ይላል። ተቆጣጣሪው ሰላምታ እንኳ ሳያበዛ ዳማን ዞራት። ከጎማዋ በላይ ባለው ብረት ሥር ጣቱን አስገብቶ ጠረገ፤ ጣቱን አየ። ንጹሕ ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ ዞራት። ከሾፌሩ በር ፊት ሲደርስ ቆመና ጎንበስ አለ። እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ ማበጠሪያውን አወጣ፤ ጺሙን በቀኝም በግራም አበጠረ።

አየ! ፊቱን አየ!

«ማን ነው ያጠባት?» አለ።

ዓይኑ የአባቴ ፋሻ ላይ ዐረፈ። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠራረገ። ፊቱን አይቶ ለምን ይጠይቃል? አጥፍተናል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ፤ የመንግሥት መኪና ልጅ መንካቷ ነው ጥፋቱ። ወደ ፊት ራመድ አልኩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «አባቴ አልነካትም። የሚወስዱ ከሆነ እኔን ይውሰዱኝ።»

«ወዴት ነው የምወስድሽ?»

«ወደ ጎንደር። እንደ አስተማሪያችን።»

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ ለምን እንዳለቀስኩ፣ ለምን እንዳልተኛሁ ያኔ ገባው፤ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ኃላፊው ጫማውን ያያል። ተቆጣጣሪውም ለጥቂት ጊዜ መሬት መሬት አየ። ቀና ሲል ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

«ማንንም አልወስድም፣ ልጄ። የመጣሁት ለመኪና ነው።»

ከዚያ ወደ አባቴ ዞረ። «መኪናዋ ካየኋቸው ሁሉ ትበልጣለች። ይህን እመሰክራለሁ። ግን ሾፌር ከሌላት ቆማ ከምትበሰብስ ሌላ ቦታ ትሥራ። በዚህ እጅህ ትነዳለህ?»

«እነዳለሁ» አለ አባቴ።

«በምንህ?»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ሻረግ፣ ነይ ግቢ» አለኝ።

ስሜን አሳጥሮ ሳይሆን ሙሉውን የጠራኝ ያን ቀን ነው። ገባሁ። ተቆጣጣሪውና ኃላፊው እየተያዩ ከኋላ ተቀመጡ። «እስከ ጎንደር መውጫው ነድተህ መልሰኝ» አለ ተቆጣጣሪው። ዳማ በኔ ጣት ተነሣች። አባቴ መሪውን በሁለት ክንዶቹ አቅፎ ያዘ፤ መዳፉ የሚያስፈልገው ማርሹ ብቻ ነበር፣ ማርሹ ደግሞ በኔ በኩል ነው።

«አንድ» አለ።

በሁለት እጄ ገፋሁ። ገባ።

ከበሩ ወጣን። «ሁለት።» ጎተትኩ። ገባ። ቅዳሜ ገበያ ነው፤ መንገዱ በሰውና በአህያ ተጣቧል፤ ሰው ሁሉ መንገድ እየለቀቀ ይገተራል። ከዳማ ኮፈን ላይ የገበያተኛው ጋቢ፣ የአህዮቹ ጆሮ፣ ሰማዩ ሳይቀር እያለፈ ይታያል። የክፍሌ ልጆች «ቅቤ! ቅቤ!» እያሉ ተከተሉን። ይበሉ። አንገቴን ቀና አድርጌ አሳለፍኳቸው። በአያ እንድሪስ ደጅ ስናልፍ አባቴ በክርኑ ጥሩምባዋን ነፋ፤ ሽማግሌው መርፌያቸውን እንደያዙ ተነሥተው ሰማቸውን ከዳር እስከ ዳር አዩትና እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

ከዚያ ቤቶቹ አለቁ። የመጨረሻው ባሕር ዛፍ አለፈ። ፊት ለፊታችን ነጩ የጎንደር መንገድ ተዘረጋ፤ ሙቀቱ ከላዩ ይርገበገባል። አልወስድም ብሏል፤ ግን አስተማሪያችንንስ ምን ብለውት ነበር? ማርሹን በሁለት እጄ አጥብቄ ያዝኩት። አባቴ መንገዱን እያየ «አለሁ» አለኝ፣ ለኔ ብቻ እንዲሰማ።

«እዚህ ይበቃል» አለ ተቆጣጣሪው ከኋላ። ወደ ኃላፊው ዞሮ «ጻፍ፤ መኪናዋም ሾፌሩም ባሉበት ይቆዩ» አለው። ትንሽ ቆየና ደግሞ «ሾፌሮቹ» አለ።

አባቴ ደረቱን መሪው ላይ አስደግፎ ዳማን አዞራት። ጎንደር ከኋላችን ቀረ፤ ፊት ለፊታችን ከተማው፣ ገበያው፣ በሩ ላይ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ የምትጠብቀን እናቴ።

«በይ እንግዲህ፣ ወደ ቤት» አለ አባቴ። «ሦስት!»

በሁለት እጄ ገፋሁ። ገባ።